እባቡ፣ ሚዛኑ፣ ጎጆውና ቦርጫሙ

መብራት ጠፋም አልጠፋም፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፋኖሴን አዘጋጃለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማዬ፣ ናዝሬት መብራት ከገባ ስንት ዘመኑ!» ይሉኛል። ይሳቁ። እኔ መስታወቱን ወልውዬ፣ ክሩን ከርክሜ፣ ላምባውን ሞልቼ ካላስቀመጥኩ ልቤ አያርፍም።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የመስታወቱን ጥላሸት ስጠርግ፣ ላምባው ጨርቁ ላይ ፈሰሰና ሽታው አፍንጫዬን መታው። ጥላሸትና ላምባ አንድ ላይ። ምን እንዳስታወሰኝ ገና ሳላውቀው ደስ አለኝ። ትንሿ ልጄ ሒሩት ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ አጠገቤ ተቀምጣ እርሳሷን ትነክሳለች።

«እርሳስ አይበላም፤ ሆድሽን ይቆርጥሻል፤» አልኳት። «ምን ሆነሽ ነው?»

«አስተማሪያችን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደል ሰጠንና፣ ከእነዚህ ሳትወጡ የቻላችሁትን ያህል ቃል ሠርታችሁ ኑ አለን። እኔ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው።»

አንገቴን አስግጌ ደብተሯን አየሁ። ኤ፣ ኢ፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። አምስቱም እንደ ድሮ ጎረቤት ተሰልፈው ያዩኛል።

«ስታር ብለሽ ጻፊ፤» አልኳት። «ኢስት በይ። ሬስት። ሲት። ቲር። ከሦስቱ ብቻ ደግሞ ቲ ይወጣል፣ ሻይ ማለት ነው። የፊተኛውን ፊደል ወደ መጨረሻ ስታዞሪው ኢት ይሆናል፣ መብላት።»

ሒሩት እርሳሷን ከአፏ አወጣች። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያለፍኩ ሰው አይደለሁም፤ እሱንም ያየሁት በአማርኛ ነው።

«እማዬ! እንግሊዝኛ የት ተማርሽ?»

«መጋዘን ውስጥ፤» አልኳት። «ከጆንያ ላይ።»

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ነው። አዳማ ያን ጊዜ ናዝሬት አትባልም፤ ከተማ ለመባልም ገና ነበረች። ባቡር ጣቢያው አለ፣ ከፊቱ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ በባንያኑ መጋዘን ጆንያ ሰፊ ሆና ገባች። ባንያን የምንለው ህንዳዊውን ነጋዴ ነው። ከአርሲ በአጋሰስ የሚወርደውን ቡናና ተልባ እየገዛ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም ባሕር ማዶ ይልካል።

እናቴ ጥላዋን የምትፈራ ሴት ነበረች። እኔን ቤት ትታኝ እንዳትሄድ ጅብ ትፈራለች፤ ይዛኝ እንዳትሄድ ባቡር ትፈራለች። ጅብ በቀን አይመጣም ቢሏት «የራበው ጅብ ቀንና ሌሊት ይለያል?» ትላለች። በኋላ ባቡሩ ቢያንስ ሳይመጣ በፊት ይጮኻል ብላ ይዛኝ ትሄድ ጀመር። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

መጋዘኑ በር ላይ አባባ ቱፋ ይቀመጣል። ሥራው ጆንያ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ረጅም፣ ሽበታም፣ እጁ እስከ አንጓው የጠቆረ ሽማግሌ ነበር። የሚቀመጠው በተገለበጠ የላምባ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር «ይሄ ቆርቆሮ አጥንቴን በላው!» ይላል። በአንድ ሳህን ጥላሸት በላምባ በጥብጧል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠቀለለበት ዱላ አለው። በጭኑ ላይ ደግሞ አምስት የናስ ሰሌዳዎች። በእያንዳንዱ ሰሌዳ መሐል አንድ ፊደል ተቆርጦ ወጥቷል። ሰሌዳውን ጆንያው ላይ ያሳርፍና በዱላው ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

«ሌሎቹ ፊደሎች የት ሄዱ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አዋሽ ገቡ። በቅሎዋ ወንዙን ስትሻገር ወደቀችና ሳጥኑ ተከፈተ። እነዚህን አምስቱን አወጣን። የቀሩትን አዞ በላቸው።»

«አዞዎቹ እንግሊዝኛ ያውቃሉ ማለት ነው?»

«ከእኔ ሳይሻሉ አይቀሩም፤» አለኝ።

ባንያኑ ግን ብልህ ሰው ነው። ሌላ ሳጥን እስኪመጣለት አልጠበቀም። በተረፉት አምስት ፊደሎች የሚጻፉ ቃላት ፈልጎ ለየዕቃው አንድ አንድ አደለ። ተለቅሞ ለጠራው ቡና ስታር፣ ላልተለቀመው ኢስት፣ ለተልባው ሬስት። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። አባባ ቱፋም እኔም ያን ጊዜ ማንበብ አናውቅም፤ የኛ ንባብ ሌላ ነበር።

ኤስን እባብ አልነው። ቲ ሚዛን ነው። ኤ የጎጆ ጣራ። ኢ ሦስት ጥርስ ያለው መንሽ። አር ደግሞ ቦርጩን ገፍቶ፣ አንድ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የቆመ ሰው ነው። ቦርጫሙ አልነው። ባንያኑ መጋዘኑ በር ላይ ሲቆም ልክ እንደዚያ ነው የሚቆመው። ቦርጫሙ ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስሙን ግን አንጠራም።

አባባ ቱፋ የሰሌዳዎቹን ተራ የሚይዘው በተረት ነው። ለጠራው ቡና፣ «እባብ ከሚዛን ወረደ፣ ጎጆ ገባ፣ ቦርጫሙ ሮጦ ወጣ» ይላል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሰሌዳ፣ ጠቅ ጠቅ። ላልተለቀመው፣ «መንሽ ከጎጆ አወጡ፣ እባቡን መቱ፣ በሚዛን መዘኑት።» ለተልባው፣ «ቦርጫሙ መንሽ አነሳ፣ እባቡን መታ፣ በሚዛን መዘነ።» ቀኑን ሙሉ እባቡ ይገባል፣ ይመታል፣ ይመዘናል። እንግሊዞች የሚባሉት ሰዎች ስለ አንድ እባብ ብቻ ሲጨነቁ የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞም ምልክቱን የሚያነበው ባቡሩ ራሱ ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ባቡሩ ከሄደ በኋላ አንድ ጆንያ ብቻውን ጣቢያው ላይ ቀረ። ፀሐይ ሲመታው ዋለ።

«ለምን ተዉት?» አልኩት።

«ምልክት የለውም። ምልክት የሌለውን ባቡር አይቀበልም።»

አሳዘነኝ። ሄጄ ጎኑን ዳሰስኩት።

አንድ ጠዋት አባባ ቱፋ ቁርሱን ወተት እየጠጣ ሥራ ጀመረ። ዱላውን ጥላሸቱ ሳህን ውስጥ በመንከር ፈንታ ወተቱ ዋንጫ ውስጥ ነከረና ጆንያው ላይ ነጭ እባብ አወጣ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል?»

«እባቡ ነጭ ሆነ!»

እጁ አየር ላይ ቆመ። ዱላውን አሸተተ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ግን እኔን አልፎ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ኢንታላ ኮ፤» አለኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። «ካለፈው ክረምት ጀምሮ ዓይኔ ላይ ጉም አለ። ፊደሉን እጄ ያውቀዋል፤ የት እንዳሳረፍኩት ግን አላይም። ባንያኑ ከሰማ ሌላ ሰው ያመጣል። እኔም ቤት ተቀምጬ የሰው እጅ ስጠብቅ ልኖር ነው።»

«ለማንም አልናገርም፤» አልኩት። «ለእማዬም።»

ለእናቴ አልናገርም ማለት ለእኔ ከባድ ነገር ነበር። እሷ በጎኗ ስትገላበጥ እንኳ ያወቀችብኝ ይመስለኛል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባባ ቱፋ ዓይን ሆንኩ። «ይሄ ገና ነው። ይሄኛው አልቋል። ትንሽ ወደ ግራ፣ አባባ፤ ጎጆው ሊወድቅ ነው» እለዋለሁ። ሰው ሲመጣ ተረት እንደሚነግረኝ ሆነን እንቀመጣለን። እውነትም ይነግረኝ ነበር። እንደዚያን ወራት ለሰው አስፈልጌ አላውቅም ነበርና ጠዋት ጠዋት እናቴን የምቀሰቅሳት እኔ ሆንኩ።

በኋላ ንዳድ ያዘኝ። መስከረም ነው፤ ውሃው ያቆረበት፣ ትንኙ የበዛበት። እናቴም ሥራዋን ትታ አጠገቤ ዋለች። ሙቀቴን በግንባሯ እየለካች፣ ለማርያም እየተሳለች። እኔ ግን ስቃዥ እንኳ የምለው «ይሄ ገና ነው፣ ይሄ አልቋል» ነበር አሉ።

በአራተኛው ቀን ላቡ ወጣልኝና ቀለል አለኝ። ወዲያው አንድ የመጋዘኑ ተሸካሚ በራችን ላይ ቆመ።

«ባንያኑ ይጠራሻል፤» አላት እናቴን። «ጉድ ሆነልሽ! ቱፋ ጆንያውን ሁሉ ክርስትና ሲያነሳ ሰነበተ። አንዱ ጆንያ ሁለት ስም ወጥቶለታል፣ አንዱ ሦስት። ሌላው ሳይጠመቅ ቀርቷል። ባቡሩ ነገ ነው። ያበላሸውን በእራፊ ልትሸፍኚ ነው የተፈለግሽው።»

«አያ ቱፋስ?»

«እሱማ አበቃለት። ሰሌዳውን አስረክብ ተብሏል።»

አለቀስኩ። በለቅሶዬ መሐል የወተቱን ነገር፣ የጉሙን ነገር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እናቴ ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ስንት ጊዜሽ ነው ይሄን ከያዝሽው?»

«ከሐምሌ ጀምሮ።»

«ከሐምሌ!» አለች። «እኔ ልጅቷ የምትከሳው ኮሶ ይሆናል እያልኩ!»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወስፌዋንና ክሯን መቀነቷ ውስጥ ሻጠች፤ እኔን በነጠላ አዝላ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ስለጥፍ ግን «ጆሮው ቢቆም... ጆሮው ቢታጠፍ...» ነው የምትለው። ንዳዱ ወደ እሷ ተላለፈ ብዬ ደነገጥኩ።

ስንደርስ አባባ ቱፋ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጧል፤ አምስቱን ሰሌዳዎች ደረቱ ላይ ታቅፏል። ባንያኑ ከፊቱ ቆሟል፤ ቦርጩን ገፍቶ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ። ተሸካሚዎቹ ዙሪያውን ከበዋል።

«ቱፋ ጥሩ ሰው ናት፤» አለ ባንያኑ፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። «ዓይን ግን የላትም። እኔ ምን ላድርግ?»

እናቴ ወደ ፊት ወጣች። ጀርባዋ ላይ ሆኜ ልቧ ሲመታ ይሰማኛል።

«ጌታዬ፤» አለች። «ጆንያ ጆሮ አለው።»

ባንያኑ ግራ ገባው። ተሸካሚዎቹ «አፍስ የለውም?» ብለው ሳቁ።

እናቴ ግን ጀምራዋለችና አላቆመችም። ጆንያ ሲሰፋ በአፉ በኩል ሁለት ጆሮ ይተዋል፤ ተሸካሚ የሚይዝበት ነው። «ያልተነካውን ጆንያ ጆሮውን አቁሜ ለአያ ቱፋ እሰጣቸዋለሁ፤» አለች። «ምልክት ሲያደርጉበት ጆሮውን ወደ ውስጥ አጥፈው ይሻጡታል። ጆሮው ከታጠፈ አልቋል ማለት ነው። ለቦታው ደግሞ በወፍራም ክር አንድ መስመር እሰፋለሁ፤ ሰሌዳው እሱ ላይ ያርፋል። ይሄ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፣ ጌታዬ። ዓይን ምን ያደርግለታል?»

ባንያኑ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «አሳይ፤» አላት።

እኔን አወረደችኝና ወስፌዋን አወጣች። ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋች፤ መስመሩ ግን እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ አለ። ጆሮዎቹን አቆመች። አባባ ቱፋ ተነስቶ ጆንያውን ዳሰሰ። ጆሮዎቹን አገኘ፤ ከዚያ በጣቱ መስመሩን ተከተለ። ፊቱ በራ።

«የጠራው ቡና ነው፤» አለ ባንያኑ። «ጻፍ።»

ያልተለቀመው ቢለው ምን ነበረበት! ያልተለቀመው ውስጥ ቦርጫሙ የለም። አባባ ቱፋ ደግሞ ያለ ተረት ሰሌዳ ማሳረፍ እንደማይችል አውቃለሁ።

«እባብ፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጠቅ ጠቅ። «ከሚዛን ወረደ።» ጠቅ ጠቅ። «ጎጆ ገባ።» ጠቅ ጠቅ።

ከዚያ ቆመ። አራተኛው ሰሌዳ እጁ ላይ ነው። አፉ ግን አልከፈት አለው።

«ከዚያስ?» አለ ባንያኑ። «ረሳሽ?»

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። ባንያኑ እጁን ለሰሌዳዎቹ ሲዘረጋ አየሁ፤ የሚወስድበት መሰለኝ።

«ቦርጫሙ ሮጦ ወጣ!» ብዬ ጮኽኩ።

ጠቅ ጠቅ። አባባ ቱፋ ጨረሰ። ጆሮዎቹንም ወደ ውስጥ አጠፋቸው።

ባንያኑ ወደ እኔ ዞረ። «ቦርጫሙ ማን ናት?»

ተሸካሚዎቹ ሁሉ ቀና ብለው ጣራ ማየት ጀመሩ። እኔ መዋሸት አልቻልበትም፤ ከሐምሌ ጀምሮ የተሸከምኩት አንድ ምስጢር ራሱ አድክሞኛል።

«እርስዎ ነዎት፤» አልኩ።

የእናቴ መዳፍ አፌን የከደነው ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ ነው።

ባንያኑ የቦርጫሙን ሰሌዳ ከአባባ ቱፋ ተቀበለ። ወደ በሩ ብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ ቁልቁል ቦርጩን አየ። ሰሌዳውን ከጎኑ ይዞ እግሩን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረገ፤ ልክ እንደ ፊደሉ።

«እግሩ ልክ ነው፤» አለ። «ሆዱ ግን ከእኔ ታንሳለች።»

መጀመሪያ የሳቀው ቦርጩ ነው፤ ከዚያ እሱ፤ ከዚያ መጋዘኑ በሙሉ። አባባ ቱፋ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። እሷ የሳቀችው ቤት ገብታ በሩን ከቀረቀረች በኋላ ነው፤ እንጀራ እየቆረሰች ሳለ በድንገት ፈነዳች።

ባንያኑ ጆንያውን ጎንበስ ብሎ አየው። ምልክቱ ቀጥ ብሏል። ሰሌዳውን ለአባባ ቱፋ መለሰለት። «ነገ ባቡር አለ፤» አለ። «ቶሎ።»

ያን ቀን እናቴ በእራፊ የተበላሸውን ስትሸፍን፣ ጆሮ ስታቆም፣ አባባ ቱፋ ጆሮ ሲያጥፍ፣ ሥራው ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። በማግስቱ ጣቢያው ላይ አንድም ጆንያ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ባንያኑ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ አጠገባችን መቆም ጀመረ። ተረቱን ሁሉ እንድነግረው አደረገኝ። በፈንታው እሱ ትርጉሙን ነገረኝ። ስታር ኮከብ ነው አለኝ። የት አለ ኮከቡ? እባብና ጎጆ ነው እንጂ። አባባ ቱፋም «ባንያኑ ተረታችንን ሊያበላሽ ነው» ብሎ አጉረመረመ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ያው አምስት ሰሌዳ ነው፤ ቦታ ባቀያየረው ቁጥር ሌላ ነገር ይወጣል። ሚዛን፣ መንሽ፣ ጎጆ ሲል ሻይ ሆነ። ሚዛኑን ወደ ኋላ ሲያደርገው መብላት። ቦርጫሙ፣ ጎጆ፣ ሚዛን ሲያደርገው አይጥ ወጣ፤ ወዲያ ዘለልኩ። እንባም ከዚያው ወጣ፣ ምሥራቅም፣ ዕረፍትም። በአምስት ቁራጭ ናስ ውስጥ ይሄ ሁሉ ተኝቶ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳዎቹ ጋር ስውል ግን አላየሁትም።

«ውሻስ እንዴት ይባላል?» አልኩት።

ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ውሻ አይቻልም። ፊደሉ አዋሽ ውስጥ ነው።»

በእንግሊዞች አገር ውሻ እንደሌለ አምኜ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን «ሲት» አለኝ። እባብ፣ መንሽ፣ ጎጆ፣ ሚዛን። ወንበር ማለት ነው። እኔም ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብኩ። እናቴን ለምኜ ከቁራጭ ጆንያ ትንሽ ከረጢት አሰፋሁ፤ ገለባ ጠቀጠቅንበት። የአባባ ቱፋን አጥንት ቆርቆሮው እንዳይበላው። ባንያኑ ሰሌዳዎቹን ፈቀደልኝ። ማንም ሳይረዳኝ፣ ተረቱንም ራሴ ሠርቼ፣ «እባቡ መንሹን ዘለለ፣ ጎጆ ገባ፣ ሚዛን ላይ ወጣ» እያልኩ ጻፍኩበት። በዕድሜዬ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ቀጥ እንዲልም እናቴ መስመር ሰፍታበት ነበር።

ቆርቆሮው ላይ አነጠፍኩለት። «አባባ፣ ይቀመጡ!» አልኩት።

ተቀመጠ። «ወይ ጉድ!» አለ። «ይሄስ የደጃዝማች ወንበር ነው!» ሥራውን እስኪጨርስ ከላዩ አልተነሳም። እኔም በደስታ ብዛት ጥላሸቱ ገና እንዳልደረቀ ረሳሁት።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ነጭ አቡጀዲ ሱሪው ላይ አራቱም ፊደላት ተሰልፈዋል። ተሸካሚዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ። «ቱፋ! በየትኛው ባቡር ልትሄድ ነው?» ይሉታል። እየሮጥኩ ደረስኩበት፤ ልቅሶዬ መጥቷል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ቀለሙ አልደረቀም ነበር... ሱሪዎ ላይ ታትሟል። እማዬ በአመድ ታጥበዋለች።»

እጁን ወደ ኋላ ልኮ ዳሰሰ። ጣቱን አሸተተ።

«ቀጥ ብሏል?» አለኝ።

«ቀጥ ብሏል። ግን ተገልብጧል።»

«ቀጥ ካለ ይበቃል። እንዳታስነኪው፣ ኢንታላ ኮ። ጣቢያ ላይ የሚቀረው ምልክት የሌለው ነው።»

የጅቡቲው ባቡር ያን ጊዜ ጣቢያው ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። አባባ ቱፋ ወደ ቤቱ የሚያስገባውን መንገድ ትቶ በሐዲዱ በኩል ዞረ። በትሩን እያስቀደመ፣ ጀርባውን ለባቡሩ ሰጥቶ፣ ፊደሎቹ በደንብ እንዲነበቡ ቀስ ብሎ ሄደ።